የጋሽ ፈዬራ ቋጠሮ

አካም ጅርቱ! እንደምን ዋላችሁ? ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁስ? እሺ።

መጀመሪያ ስለዚህ ገመድ ልንገራችሁ፤ ሁላችሁም እሱን ነው የምታዩት። አንዱ ጫፍ የእኔ ግራ እጅ ላይ ታስሯል። ሌላው ጫፍ እዚያ፣ ከአበባው ጀርባ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሽ ፈዬራ እጅ ውስጥ ነው። አስተናጋጆች ይቅርታ፣ ትሪ ይዛችሁ ስታልፉ እግራችሁን አንሱ።

ለማታውቁን እንግዶች ላስረዳ፤ ይትባረክ እባላለሁ። እኛ ጠላቂዎች ነን። ቆቃ ላይ የውሃ መግቢያው ወንፊት በእንቦጭ ሲደፈን፣ ባቱ ላይ የእርሻ ፓምፕ ቱቦ ሲቀደድ፣ ሲሊንደር አዝለን የምንገባው እኛ ነን። ውሃው ደግሞ ማኪያቶ ነው። እጃችሁን አፍንጫችሁ ላይ ብታደርጉት አታዩትም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ያለውና ላይ የቆመው ሰው የሚነጋገሩት በገመድ ነው። አንድ ጊዜ ከተሳበ "ደህና ነህ?" ነው፤ መልሱም አንድ ነው፣ "ደህና ነኝ።" ሁለት ከሆነ "ገመድ ጨምር፣ ልሄድ ነው።" አራት ከሆነ "ውጣ!" አራት ላይ ክርክር የለም። ሦስት የለንም። ለምን እንደሌለ ጋሽ ፈዬራን ስጠይቃቸው፣ "የፈራ ሰው ሦስትና አራትን አይለይም" አሉኝ።

ዛሬ ንግግር አድርግ ስባል ፈራሁ። እና ቅድም ሄጄ፣ "ጋሽዬ፣ ማይክ ፊት ልገባ ነው፤ ገመዴን ይያዙልኝ" አልኳቸው። ሳቁና ያዙልኝ። ስለዚህ ጋሽዬ፣ ወሬ ካበዛሁ ያው ደንቡን ያውቁታል።

እንግዲህ ጋሽ ፈዬራ ወደመጡበት ቀን እንሂድ። ያኔ እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምነግራችሁ የዕቃ ግምጃ ቤታችን ኃላፊ እትዬ ሑስና ከነገረችኝ ነው። እሷ ደግሞ ቅመም ትጨምራለች። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ድርጅታችን "ጠላቂ እንፈልጋለን" ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ከባቱ አንድ ቀጭን ዓሣ አጥማጅ መጡ። ቀጣሪው ጠየቃቸው፦

"ዋና ትችላለህ?"

"ለምን ብዬ እዋኛለሁ? እኔ ታንኳ አለኝ። የሚዋኘው ዓሣው ነው።"

ቀጣሪው በሩን ሊያሳያቸው ሲል፣ ትከሻቸው ላይ ያለውን የመረብ ገመድ አየ። "ይሄን ማን ቋጠረው?" አለ። "እኔ።" ልፍታው ብሎ ያዘው። እስከ ምሳ ሰዓት ታገለ። ከምሳ በኋላም ታገለ። በዘጠኝ ሰዓት ጣቶቹን እያሻሸ ቅጥሩን ፈረመላቸው። ዋናውን ኋላ ነው የተማሩት።

እኔ የመጣሁ ቀን ደግሞ አዲስ የዋና ልብስ ገዝቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የመጣሁት። ጋሽ ፈዬራ አዩኝና ዓይኔን በሻሽ አሰሩት። ግቢ ውስጥ፣ የጥበቃው ወንበር ላይ አስቀምጠው ገመድ ሰጡኝ። "ቋጥር። ፍታ። በአንድ እጅ ፍታ።" ይሄ ሦስት ሳምንት ቆየ። እናቴ በየቀኑ፣ "እንዴት ነው ልጄ፣ ጥልቀቱ?" ትለኛለች። ውሃ የነካሁት ፊቴን ስታጠብ ብቻ ነው እንዴት ልበላት?

ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ የመጣን ሰው ውሃ ውስጥ እንደማያስገቡም ታውቃላችሁ። አይጠይቁም፤ ፊቱን ያያሉ። "አንተ ዛሬ ገመድ ያዥ ነህ። ማታ ታርቀህ ና፣ ነገ ትጠልቃለህ።" በዚህች ደንብ ስንት ትዳር እንደተረፈ አንድዬ ይወቀው። ባለቤታቸው አዴ ዲንቄ ደግሞ፣ ሠርግ ቤት ተቀምጣ ከጎረቤት ጋር ወሬ ሲደራላት ነጠላዋን አራት ጊዜ ይስቡታል። ምን ታደርጋለች? ትወጣለች!

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም እዚህ ድረስ ያለውን ነው ደስ እያለኝ ያዘጋጀሁት።

ቅድም ያ በላያችን ያለው "መልካም የጡረታ ዘመን" የሚለው ጨርቅ በነፋስ ወደቀ አይደል? ወዲያው ከዚያ ጠረጴዛ አንዱ፣ "ጋሽ ፈዬራ ናቸው እንዴ ያሰሩት?" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ይሄ ቀልድ ሦስት ዓመቱ ነው። የጫማ ክር ሲፈታ ይባላል፤ የጭነት ሸራ ሲላላ ይባላል። የግቢያችን ውሻ ያመለጠች ቀን እንኳ ተብሏል። ዛሬ እሳቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ቀልዱ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ከዚያ ከጀልባው ጉዞ ነው።

ለእንግዶች በአጭሩ፦ የዛሬ ሦስት ዓመት ለአንድ ሥራ የባሕር ጠላቂነት ፈቃድ አስፈለገን። የቅርቡ ባሕር ጅቡቲ ነው። ከአዳማ ባቡር ተሳፈርን፤ ጋሽ ፈዬራ የገመድ ከረጢታቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ጅቡቲ ገቡ። እዚያ ሰው ስምንት ቀን ሙሉ እየበላ፣ እየተኛ፣ ከዚያው እየዘለለ የሚጠልቅበት ጀልባ አለ። ወሰደን ወሰደንና መሬቱም ሞባይል ኔትወርኩም ከጠፋ በኋላ ሰባት ወንድማማቾች የሚባሉ ደሴቶች ጋ ደረስን። ዛፍ የላቸውም፣ ሰው የላቸውም፤ ድንጋይና ወፍ ብቻ። ብቆጥር ብቆጥር ስድስት ሆኑብኝ። "ሰባተኛው የታል?" ብዬ ጋሽ ፈዬራን ጠየቅኋቸው።

"እሱ ገመዱን የፈታው ነው" አሉኝ።

ያኔ ሳቅሁ።

ውሃው ግን! እናንተ ቆቃን የለመዳችሁ፣ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሠላሳ ሜትር ይታያል። የዓሣው ቀለም እንደ ሠርግ ቤት ነው። ጋሽ ፈዬራ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ወዲያው አወጡ። "ምነው ጋሽዬ?" ስላቸው፣ "ሁሉም ያየኛል" አሉ። በሁለተኛው ቀን አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሠሩ የጀልባው መሪ ጠላቂ አብዱናሲር አያቸው። ራሳቸውን ሳቱ ብሎ ደንግጦ ሊያወጣቸው ያዛቸው። ላይ ሲደርሱ፣ "ልጄ፣ ስከፍተው ይበዛብኛል። ጨፍኜ ነው የሚታየኝ" አሉት።

ገመዱንም ትተው አልገቡም። ስድስት ሜትር ገመድ፤ አንዱ ጫፍ እሳቸው ወገብ ላይ፣ ሌላው እኔ ወገብ ላይ። በዚያ ላይ ሠላሳ ሜትር ትርፍ ገመድ ጠቅልለው ጎናቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ጀልባው ላይ ያሉት ቱሪስቶች ፎቶ ያነሱናል። አብዱናሲር አማርኛ ያውቃል፤ ከከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ነው የለመደው። "ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሁሉም ይታያል፤ ገመድ ለምን?" አላቸው። "ውሃው ይታያል። የሚገፋው ይታያል?" አሉት። እኔ ግን አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩባቸው። ሰዎቹ እንደ በግ ታስሬ ሲያዩኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ...

አያችሁ? አያችሁ ገመዱን? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ጊዜ ሳቡኝ። እየቀለዱ አይደለም፤ ፊታቸውን እዩት።

ጋሽዬ፣ አራት ላይ ክርክር የለም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። እሺ፣ እወጣለሁ። ግን ሌላም ያስተማሩኝ አለ። ከጥልቅ የሚወጣ ሰው ዘሎ አይወጣም። አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ይቆማል። ካልቆመ ደሙ ውስጥ እንደተነቀነቀ ለስላሳ አረፋ ይሞላል። እየወጣሁ ነው ጋሽዬ። አሁን አምስት ሜትር ላይ ነኝ። እትዬ ሑስና፣ እባክሽ ሰዓት ያዢልኝ። ሦስት ደቂቃዬን ስጡኝ።

በአምስተኛው ቀን እኔና እሳቸው ሃያ አምስት ሜትር ላይ ነበርን። ክንፉ ጋቢ የሚያህል አንድ ትልቅ ዓሣ ከፊቴ አለፈ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚበር። ተከተልኩት። ገመዱ ያዘኝ። ከዚያ ከኋላዬ ተሳበ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጋሽ ፈዬራ የውሃው ግፊት ሲዞር ተሰምቷቸዋል። ቆጠርኩ። አራት እንደሆነ አውቄያለሁ። ሦስት መሰለኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ሦስት የለንም።

ወገቤ ላይ ያለውን ቋጠሮ በአንድ እጄ ፈታሁት። ግቢ ውስጥ፣ የጥበቃው ወንበር ላይ፣ ዓይኔን አስረው ባስተማሩኝ እጄ።

ቋጠሯቸው አልላላም። ሰምታችኋል? አልላላም። እኔ ነኝ የፈታሁት።

ቆዩ፣ አትንጫጩ። ደቂቃዬ ያልቃል። እትዬ ሑስና፣ ስንት ቀረኝ? ሁለት? እሺ።

ዓሣው ጠፋ። ዞር ስል ከአለቱ ጥግ አልፌያለሁ፤ ጋሽ ፈዬራ የሉም። ከአፌ የሚወጣውን አረፋ አየሁት፤ ወደ ላይ መሄድ ሲገባው ወደ ታች ይሄዳል። ውሃው ወደ ታች እየጎተተኝ ነበር። ሃያ ስምንት። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ስድስት። የእግር መቅዘፊያዬን እመታለሁ፣ አልነቃነቅም። አንዲት የድንጋይ ጉብታ በሁለት ጣቴ ያዝኩ። የአየር መለኪያዬ ቀዩ ላይ ነው። እናቴን አሰብኩ፤ "እንዴት ነው ጥልቀቱ?" የምትለኝን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዱናሲር ከላይ፣ ከውሃው ገጽ ሆኖ ቁልቁል አይቶ ነው የነገረኝ። ጋሽ ፈዬራ ባዶውን የገመድ ጫፍ ይዘው አዩት። የሠላሳ ሜትሩን ገመድ አንድ ጫፍ አለት ላይ፣ ሌላውን ወገባቸው ላይ ቋጠሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑና ራሳቸውን ለውሃው ለቀቁት። አልዋኙም። እኔን የወሰደው ውሃ እሳቸውንም ወደ እኔ እንዲወስድ ተዉት። የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው! ገመዱ ሊያልቅ ሲል እጃቸው እግሬን ነካ።

የእኔ አየር አለቀ። ከእሳቸው ሲሊንደር ሁለታችንም እየተነፈስን፣ ገመዱን በእጃችን እየሳብን ተመለስን። አምስት ሜትር ላይ ስንደርስ እሳቸው ጋ የቀረው አየር ምንም አልነበረም። አብዱናሲር ወረደ፤ እሱም ገና ጠልቆ መውጣቱ ስለነበር ለራሱና ለአንድ ሰው የሚሆን አየር ብቻ ነበር የቀረው። ጋሽ ፈዬራ ማንንም አልጠየቁም። እኔን ለአብዱናሲር አስይዘው፣ እሳቸው በቀጥታ ወጡ።

ሦስቱን ደቂቃ እኔ ቆምኩ። እሳቸው አልቆሙም፤ አረፋው እግራቸውን መታቸው። ያ የቀኝ እግራቸው ማነከስ፣ "በራሳቸው ስህተት" የሚባለው፣ የእኔ ሦስት ደቂቃ ነው።

ጀልባው ላይ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ተኝተዋል። አብዱናሲር ፎርም ይዞ ቆመ። "ገመዱ እንዴት ተፈታ?" አለ። አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ፈዬራ ጭምብሉን ከአፋቸው አነሱና፣ "ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቋጠሮዬ ላላ" አሉ።

ሠላሳ ዓመት አንድ ቋጠሮ ያልላላባቸው ሰው! ብቻችንን ስንሆን፣ "ኢልመ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ፈቃድህን ይቀሙሃል። እኔ ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ፤ አንተ ሠላሳ ትጠልቃለህ። ዝም በል።" እኔም ዝም አልኩ። ሐኪሙ ከእንግዲህ አይጥለቁ አላቸው፤ ዝም አልኩ። እናንተ በጫማ ክር ስትስቁ ዝም አልኩ። እሳቸውን ለመታዘዝ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አዴ ዲንቄ፣ ለአንቺም እንዳልነገሩሽ አሁን ከፊትሽ አየሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሦስት ደቂቃው አለቀ አይደል፣ እትዬ ሑስና? ለምንድን ነው የምታለቅሺው? እሺ። ወጥቻለሁ። አሁን ያለሁት ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ የቀረውን እዚሁ ሆኜ ልናገር።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሸዋወርቅ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ሰጥተውኛል። ከሰኞ ጀምሮ የጠላቂዎች ኃላፊ ነኝ ይላል። በጋሽ ፈዬራ ቦታ ማለት ነው። ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ ሰኞ ጠዋት እውነተኛውን በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ የሚመጣውን እቀበላለሁ። እናንተ ጓደኞቼ ደግሞ፣ ቆቃ ውስጥ ስትገቡ የገመዳችሁን ጫፍ የምይዘው እኔ ልሆን ነበር። አራት ሲሳብ የፈታ ሰው መሆኔን ሳታውቁ ነፍሳችሁን እጄ ላይ ልታደርጉ አይገባም። አውቃችሁ ወስኑ። አይሆንም ብትሉኝ ሲሊንደር እሞላለሁ፤ ከግቢው አልሄድም።

አንድ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። የማንም ጫማ ቢፈታ፣ ሸራም ቢላላ፣ ውሻም ብታመልጥ፣ "ይትባረክ ነው የፈታው" በሉ። ቀልዱ የእኔ ነው፤ መልሱልኝ።

ጋሽ ፈዬራ፣ ዓይኔን አስረው እጄን ስላስተማሩልኝ አመሰግናለሁ። ስንታችንን ሙሉ አካላችንን ይዘን ወደ ቤታችን መልሰውናል፤ የሁላችንም እናቶች ያመሰግኑዎታል። ስምዎን ሰጥተውኝ ሦስት ዓመት ለብሼው ኖርኩ፤ እንደተበደርኩት ልብስ ሁሌም ይጠበኝ ነበር። ዛሬ በሰው ፊት መልሼልዎታለሁ። ለተጎዳው እግርዎ ግን የምመልሰው የለኝም። ይቅርታ ከማለት ሌላ የለኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እንግዲህ ተነሱ፤ ብርጭቆ አንሱ። ቢራ ያለው ቢራውን፣ ለስላሳ ያለው ለስላሳውን፤ እሳቸው አምቦ ውሃቸውን ይዘዋል። ባቱ ላይ የተከሉት ፓፓያ ይብዛልዎ። ታንኳዎ ይኑር፤ ዓሣው ይዋኝ፣ እርስዎ ይቀመጡ። ከአዴ ዲንቄ ጋር ሠርግ ስትሄዱ አራት ጊዜ አይሳቧት፤ ይተዉአት፣ ታውራ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ግን ከመጠጣታችን በፊት፣ ጋሽዬ፣ አንድ ጊዜ ልስብ ነው። ትርጉሙን ያውቁታል። ጸጥ በሉልኝ እስቲ።

ይኸው ሳብኩ።

...

ቆዩ። አትጠጡ። ምናልባት አልተሰማቸው ይሆናል።

...

አንድ! አንድ ጊዜ ሳቡ! ተሰማኝ፤ እዚህ፣ እጄ ላይ! ደህና ነኝ ነው የሚሉት! አታጨብጭቡ፣ ቆዩ፣ እንደገና እየሳቡ ነው። አንድ... ሁለት። ቆመ። ሁለት ነው።

ገመድ ጨምር፣ ልሄድ ነው እያሉኝ ነው።

እሺ ጋሽዬ። እስከ ባቱ ድረስ ቢሆን እጨምራለሁ። ግን አልፈታውም።

ለጋሽ ፈዬራ ቋጠሮ! ጠጡ!